ትርሲት በጎን ተቀምጣ ስትጫወት

ባለፈው ሳምንት ሰባተኛ ሰፈር ካለ አናጢ ቤት ወንበር ላስጠግን ገብቼ የጥድ ሙጫ ሽታ አፍንጫዬን ሲያገኘው፣ ታላቅ እህቴ ትርሲት በልጅነቷ የቼሎዋን ቀስት ጭኗ ላይ አጋድማ ሙጫ ስትቀባው ታየችኝና፣ ወንበሩን እንደታቀፍኩ አናጢው ፊት ቆምኩ።

በጃንሆይ ዘመን ነው። አባባ ጎጃም በረንዳ የአቡጀዲ መጋዘን ነበራቸው። ትርሲትን ቼሎ ያስጀመሯት የትምህርት ቤቷ የሙዚቃ አስተማሪ፣ ሁላችንም «ሙሴ» የምንላቸው ፈረንጅ፣ ረጃጅም ጣቶቿን አይተው ነው። ያን የቫዮሊን ታላቅ ወንድም የሚመስል መሣሪያ ከትምህርት ቤቱ ተውሳ በጥቁር ሳጥኑ ለኩሊ አሸክማ ስታመጣው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ሰዎች የሕፃን ሬሳ መስሏቸው ባርኔጣቸውን እያወለቁ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሏት፣ ሳቋን ውጣ «አሜን» እያለች ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአቡጀዲ ጥቅሎች መካከል ተቀምጣ ትለማመዳለች፤ ድምፁን ሲሰሙ ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ ጭነታቸውን አውርደው ይቆማሉ። አባባም «ማሲንቆ ቢሆንማ አላስነካትም ነበር» ይበሉ እንጂ በልባቸው ይኮሩባት ነበር።

ትምህርት ቤቱ የዓመቱን መዝጊያ በዓል ሲያደርግ፣ አባባ እኔንና ሚስታቸው የሞተችባቸውን ጓደኛቸውን ጋሼ ዘለቀን ይዘው ፊት ተቀመጡ። ትርሲት ወጥታ ቼሎውን በጉልበቶቿ መካከል አቁማ መጫወት ስትጀምር፣ ጋሼ ዘለቀ ወደ አባባ ጆሮ ጠጋ አሉ።

«ሴት ልጅ፣ እንዲህ እግሯን ከፍታ፣ በአደባባይ?»

አባባ ተነሡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው እየገፈፉ መድረኩ ላይ ወጥተው ጭኗ ላይ ጣሉባት። ቀስቱ ነጠላው ውስጥ ተጠልፎ ዜማው ተቋረጠ፤ አዳራሹ ሙሉ አውካካ።

ቤት እንደገባን ፈረዱ። «ከተጫወትሽ እግርሽን ገጥመሽ፣ በጎን ተቀምጠሽ ነው። አለዚያ እሰብረዋለሁ!»

ሙሴ ቤት ድረስ መጥተው «ጌታዬ፣ እንዲህ አይቻልም፤ ወገቧም ይጎዳል» ብለው ቢለምኑ የሰማቸው የለም። ትርሲት ግን እንዲቻል አደረገችው። ዓመት ሙሉ፣ እንደ ዛፍ ሥር ተጠምዝዛ እየተለማመደች፣ ሲያማት ጀርባዋን በጋለ ጨርቅ እያስተኮሰችኝ፣ ያንኑ የጥንቱን ድምፅ አወጣችው።

ለውጭ አገር ትምህርት ተማሪ የሚመርጡ ፈታኝ ከባሕር ማዶ መጡ። አቀማመጧን አይተው ፈገግ አሉ፤ ገና ስትጀምር እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት። ሙሴ ሊያስረዱ ቢነሡ «አያያዙን እንኳ ያልተማረች ልጅ ለምን ታቀርብልኛለህ?» ብለው ሌላ ተማሪ ጠሩ።

ይህንን መጥታ ነገረችን። ብዙም ሳይቆይ ከጋሼ ዘለቀ ሽማግሌዎች ተላኩ። «ልጅቱ በሰው ፊት የተዋረደች ናት፤ ክብሯን ልንሸፍንላት ነው የመጣን» አሉ። አባባ አመስግነው ለጓደኛቸው ዳሯት። ቼሎውን ትምህርት ቤቱ መልሶ ወሰደው።

ከብዙ ዓመታት በኋላ እነሱ ቤት ምሳ ስንበላ ሬዲዮኑ የቼሎ ዜማ ጀመረ። ጋሼ ዘለቀ የጠቀለሉትን ጉርሻ ትሪው ላይ መልሰው፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣

«ምንድን ነው ይኼ፣ እንዲህ ሆድ የሚያባባው?» አሉ።

«እኔ ምን አውቄ» አለች ትርሲት፣ ወጥ እየጨመረችላቸው።

አባባም፣ መጋዘኑም፣ ያ ዘመንም አልፈዋል፤ እነሱስ ድሮም የሚያልፉ ነበሩ። እኔ ግን ያን ቀን ዜማው እስኪያልቅ ዓይኔን ከትርሲት እጅ ላይ አልነቀልኩም፤ አንዲት ጣቷ እንኳ ከዜማው ጋር አልተነቃነቀችም።