የአባቴ ካልሲየም በሳምንት እጥፍ ሲሆን

ይህ የደረሰብኝ እንጅባራ የላብራቶሪ ሙያ ስማር ነው። ገበሬው አባቴ ጡንቻቸውን ጨምድዶ እየያዘ ቢያስቸግራቸው፣ መኖሪያቸው ዳንግላ አንድ ክሊኒክ የደማቸውን ካልሲየም አስለካን። 2.4 ሆነ፤ ደኅና ነበር። በሳምንቱ እኔ ዘንድ መጥተው እንጅባራ ሌላ ክሊኒክ ሲለኩ ግን 4.8 አለ።

ካልሲየም እዚህ ከደረሰ ልብ ቀጥ ሊል እንደሚችል ገና ያን ሰሞን ተምሬ ነበር። ሆስፒታል ልወስዳቸው መሆኑን ደብቄ፣ "ባሕር ዳር ትንሽ ጉዳይ አለችን" ብዬ ሚኒባስ አሳፈርኳቸው። መንገድ ላይ የልብ ምታቸውን ልቆጥር አንጓቸውን ያዝኩ።

"ምነው፣ እጠፋብሃለሁ ብለህ ነው?" አሉኝ።

መቶ ሃያ ቆጠርኩ፤ የሳቸው ይሁን የራሴ መለየት አቃተኝ።

ዳንግላ ስንቃረብ "እኔስ ወርጄ ቤቴ ልግባ" ሲሉ ጨነቀኝ። "አባባ፣ አይውረዱ" ብዬ ሁለቱን ወረቀቶች አሳየኋቸው፤ ለልብ እንደሚያሰጋም ነገርኳቸው።

ቁጥሮቹን በጣታቸው እየነኩ ቆዩ። "ልክ እጥፍ ነው? ሳይተርፍ ሳይጎድል?"

"አዎ።"

"አንደኛው በጥማድ፣ ሌላው በበሬ ቆጥሮት እንዳይሆን።"

ከቁጥሮቹ አጠገብ ያለውን መለኪያ ያየሁት ያኔ ነው። የመጀመሪያው ቅንጣቶቹን የሚቆጥረው ሚሊሞል፣ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ቻርጃቸውን የሚቆጥረው ሚሊኢኩቫለንት ይላል። ካልሲየም ሁለት ቻርጅ ስላለው በሁለተኛው መለኪያ ቁጥሩ ሁልጊዜ እጥፍ ነው። ይህንኑ ስሌት ለፈተና ክፍሉን በሙሉ ያስጠናሁት እኔ ነበርኩ።

አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

"ወራጅ አለ" አሉ።