አንድ ኤሌክትሮድ ብቻ

ገርባ ፈይሳ ናዝሬት በሚገኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ብየዳ ያስተምር ነበር። ደርግ ገንዘቡን ሁሉ ለጦርነት ሲያውል የትምህርት ቤቱ በጀት ተቋረጠና ብየዳን ሰሌዳ ላይ እየሣለ ማስተማር ጀመረ። ቢሮ ለቢሮ ዞሮ ቢለምንም መልሱ «ጓድ፣ ቅድሚያ ለግንባር!» ብቻ ሆነ። የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ ጋራዦችን ለምኖ ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ኤሌክትሮድ፣ እየቀለጠ ብረት የሚያያይዝ የብየዳ ዘንግ፣ አገኘ።

ሙሉአለም ከክፍሏ ጎበዟ ነበረች፤ በእጇ ግን በይዳ አታውቅም። በፈተናው ቀን ገና ስትጀምር ኤሌክትሮዱ ብረቱ ላይ ተጣበቀ፤ ልታላቅቀው ስትታገል ተሰበረ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ አንድ ይጨምሩልኝ!»

«ከየት ላምጣልሽ ልጄ?» አለ ገርባ ባዶ እጆቹን ዘርግቶ።

ከአዲስ አበባ የመጣው ፈታኝ «ወድቃለች» አለ። ገርባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሙሉአለምም ሙያውን ትታ ቆቃ ከተማ ወዳለው የወላጆቿ ቤት ተመለሰች፤ በዚያው ቀረች።