ቀጥ ያለውና ቆልማማው መነጽር

ሁለቱ የሩቅ ማያ መነጽሮች ወደ ቤታችን የገቡት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለቤቴ በጆንያ ጠቅልለው አምጥተው መደቡ ላይ አኖሯቸውና፣ "እንዳትነኪ፣ የመንግሥት ዕቃ ነው" አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸው ፈቷቸውና "ነይ እስቲ እዪ" አሉ።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ልጃችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት ነበር። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ነጭ ለባሽ የሚባለው የአገር ጦር ተኩስ በሚለማመድበት ሜዳ አባትና ልጅ አብረው ይሠሩ ነበር። አባትየው ከተኳሹ አጠገብ በደረታቸው ተኝተው ጥይቱ የት እንዳረፈ ይናገራሉ፤ "ተኩስ" ብለው የሚያዙትም እሳቸው ናቸው። ልጄ ደግሞ በሜዳው ማዶ፣ ከኢላማው ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ ይቀመጣል። እየወጣ ጥይት የበሳውን ወረቀት ይለጥፋል። ሲወጣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ይተክላል፤ ተመልሶ ሲገባ ይነቅለዋል።

እስከዚያን ጊዜ ድረስ በሜዳው መነጽር የሚባል አልነበረም። ስለዚህ አንድ ጥይት በተተኮሰ ቁጥር ልጄ ወጥቶ ቀዳዳውን ፈልጎ በእጁ ማሳየት ነበረበት። በቀን ሠላሳ ጊዜ ይወጣል፣ ሠላሳ ጊዜ ይገባል። ነፋሱ ወደ እኛ ሲነፍስ ተኩሱ ቤት ድረስ ይሰማል። ባቄላ እየለቀምኩ "አሁን ወጣ፣ አሁን ገባ" እላለሁ። የሚቀጥለው ተኩስ ቶሎ ከመጣ እጄ ይደርቃል፤ ከዘገየም ይደርቃል። "አንቺ ሴት፣ ልጅሽን በቁሙ ቀበርሽው እኮ" ይሉኝ ነበር ባለቤቴ።

የሜዳው አለቃ የሆኑት ሻምበል መነጽሮቹን ለባለቤቴ የሰጧቸው ሁለቱንም ሞክረው የሚሻላቸውን ሰኞ እንዲይዙ ነው። ሌላው ለአንኮበር ይላካል። ሁለቱም በአንድ ዓይን የሚታይባቸው፣ ከክንድ ትንሽ የሚያጥሩ፣ ሦስት እግር ባለው ብረት ላይ የሚቆሙ ናቸው። አንደኛው ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ሸንበቆ ቀጥ ያለ ነው። ሌላው ዓይን በሚያርፍበት በኩል ወደ ላይ የተቆለመመ ነው፤ ሰው ከበላዩ አጎንብሶ ቁልቁል ሲያይ ሩቁ ይታየዋል።

ባለቤቴ ጓሮ አጎዛ አንጥፈው ተኙና በቀጥታው የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት አዩ። ከዚያ በቆልማማው አዩ። ተመልሰው ወደ ቀጥታው ሄዱ።

"ይኼ ይሻለኛል" አሉ። "አንዱ ዓይኔ ኢላማውን ሲያይ ሌላው ሜዳውን ይጠብቃል። በዚያኛው ግን መሬት አቀርቅሬ መቅረቴ ነው።"

"የሚታየው አንድ አይደለም ወይ?" አልኩ።

"አንድ ነው። ቆልማማው ግን ድስት ከፍቶ ወጥ እንደ ማየት ነው። ወጡን ታያለሽ፤ ከኋላሽ ማን ጓዳ እንደገባ ግን አታውቂም።"

"አንቱ ደግሞ! ድስት እያየሁ አይደል ልጅ ያሳደግሁት?"

ልጄ ከት ብሎ ሳቀ። "አባዬ፣ ከሰኞ ጀምሮ እማዬ ታስተኩስ። እርስዎ ወጡን ይጠብቁ።"

"እሷ ካስተኮሰች ማንም አይተኩስም" አሉ ባለቤቴ። "ጠመንጃውን ሁሉ ጓዳ ትደብቀዋለች።"

የእኔ ጭንቀት ግን ሌላ ነበር። ባለቤቴ በጠላት ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳሉ፣ አንኮበር ቁልቁለት ላይ የመታቸው ጥይት አንገታቸውን አድርቆት ቀርቷል። ማጎንበስ አይከብዳቸውም፤ በደረታቸው ተኝተው ቀና ብለው መቆየት ግን ያሠቃያቸዋል። የዚያን ዕለት ትንሽ ጊዜ በቀጥታው ስላዩ ብቻ ማታ አንገታቸው አልዞር አለ። ጨው አሙቄ በጨርቅ ቋጥሬ እያሸሁ፣ "ሲያምዎ ዓይንዎ ይጨፈናል" አልኳቸው። "ዓይንዎ ሲጨፈን ልጄ ከጉድጓዱ ወጥቶ ቢሆንስ? ቆልማማውን ይያዙ።"

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ደገምኩት። እራት ላይም ልጄ ውጭ እንጨት ሲፈልጥ ደገምኩት። እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ እንደማልለቅ ያውቃሉ። "ይሁን፣ እንዳልሽ" አሉ በመጨረሻ። ሰኞ ቀጥታው መነጽር በበቅሎ ተጭኖ ወደ አንኮበር ወረደ።

ሁለት ወር ደህና ሆነ። አባትየው ቀዳዳውን በመነጽር ስለሚያዩት ልጄ የሚወጣው ከአምስት ጥይት በኋላ ብቻ ሆነ፤ በቀን ስድስት ጊዜ። ባቄላዬን በሰላም ለቀምኩ። ባለቤቴም ማታ ማታ አንገታቸውን አላሳሹኝም።

የዚያን ዕለት ጠዋት ውርጭ ነበር፤ ረፋዱ ላይ ነፋስ ተነሣ። ከኢላማው ጎን በምታልፈው መንገድ የገጠር ሰዎች ሬሳ ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። ነፋሱ ለቅሶውን ከተኳሾቹ አርቆ ወሰደው፤ ተኩስ ጆሯቸውን ያደነቆራቸው ባለቤቴ አልሰሙትም። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ከአፈር ክምሩ ኋላ ተቀምጠዋል፤ አያዩም። ተኳሹ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ጠመንጃው ላይ ጥሏል፤ ከኢላማው ሌላ አያይም። ልጄ ብቻ ለቅሶውን ሰማ።

ከጉድጓዱ ወጣ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ከኢላማው ጎን ቆመ። ቀዩን ጨርቅ አልተከለም። ወረቀት ሊለጥፍ የወጣ አይደለማ። ሬሳ እያለፈ የሚተኩስ ሰው አለ ብሎ እንዴት ያስብ? ሁሉም ተነሥቶ የቆመ መሰለው። ሬሳ ሲያልፍ ራስን ገልጦ መቆምን ከሕፃንነቱ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ባለቤቴ አቀርቅረው በመነጽሩ የሚያዩት የኢላማውን ክብ ብቻ ነበር። ሌላው ዓይናቸው የሚያየው ሣር ነው። "ተኩስ" አሉ።

ጥይቱ ኢላማውን ስቶ የልጄን ቀኝ ክንድ ክርኑ ላይ ሰበረው። ሬሳ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን አስቀምጠው ልጄን አነሡት። በእህል መኪና አዲስ አበባ አድርሰነው እዚያ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተቆረጠ።

ሻምበሉ ቤታችን የመጡት በሳምንቱ ነው፤ ልጄ ገና ሆስፒታል ነበር። አልቀመጥም አሉ።

"ይኼን መነጽር ማነው የመረጠው?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ" አሉ ባለቤቴ።

"ለምን?"

"አንገቴን እያመመኝ።"

"ቀጥ ያለውን ይዘህ ቢሆን ለቀስተኛውን አታየውም ነበር?"

"አየው ነበር፣ ጌታዬ።"

እኔ ጠላ የተቀዳበት ጣሳ በእጄ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አፌን ብከፍት ይበቃ ነበር። አልከፈትኩም። ሻምበሉ ከወጡ በኋላ "የመረጥኩት እኮ እኔ ነኝ" ስላቸው፣ "የተኩስ ዕቃ የሚመርጠው ወታደር ነው፤ ወደ ሥራሽ ሂጂ" አሉኝ። ስለ መነጽሩ ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልተናገሩኝም።

ልጄ ተመለሰ። በግራ እጅ ከሌላው ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ነውር ስለሆነ ለብቻው ትንሽ ትሪ ያዘ። ሰው ሲኖር ጭራሽ አይበላም። እኔ ብቻ ስሆን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ጉርሻ አጎርሰው ነበር፤ አፉን እንደ ልጅነቱ ይከፍትልኝ ነበር። ምክንያቱን ከሻምበሉ ሰምቶ ኖሮ አንድ ቀን፣ አባቱ እየሰሙ፣ "ለአንገታቸው ብለው ነው" አለኝ። ባለቤቴ እጃቸውን ከገበታው ሰብስበው አቀረቀሩ። እኔ ወጥ ጨመርኩ።

አባትና ልጅ ከዚያ በኋላ፣ ልጄ የራሱን ቤት ይዞ እስኪወጣ፣ በአንድ ቤት እንደ እንግዳ ኖሩ። ባለቤቴ በሳንባ ምች ሲሞቱ ልጄ ለቀብር መጣ። ባርኔጣውን በግራ እጁ ይዞ ቆመ፤ አላለቀሰም።

በአርባቸው ሰዎች ከተበተኑ በኋላ ትሪውን አቀረብኩለትና ነገርኩት። ቅዳሜውን፣ ጨውን፣ እሑዱን፣ ጣሳውን፣ ሁሉንም።

ትሪውን በግራ እጁ ወደ ጎን ገፋው። ከዚያ፣ "እኔ ስለ አንገታቸው ያን ቃል ስናገር አጠገቤ ነበርሽ" አለ።

"ነበርኩ።"

"ወጥ ጨመርሽ።"

"ጨመርኩ፣ ልጄ።"

ተነሥቶ ወጣ። ከበሩ ሆኜ ሳየው ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ ትቶ ወደ አባቱ መቃብር አቅጣጫ ሄደ።

ዛሬም በበዓል በበዓል ይመጣል። ጤናዬን ይጠይቃል፤ እንጨት ይገዛልኛል። ትሪውን ሳቀርብለት እንደ ድሮው ጠቅልዬ እጄን እዘረጋለሁ። "እራሴ እበላለሁ እማዬ" ይልና በግራ እጁ ይቆርሳል። የጠቀለልኩትን መልሼ ትሪው ጠርዝ ላይ አኖረዋለሁ። ሌላውን ሁሉ በልቶ እሱን ትቶት ይሄዳል።