«ቀላሽ» ሲሉኝ

«ቀላሽ፣ አማረብሽ! ታመምኩ የምትዪው ከየት አምጥተሽ ነው?» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ ጥቂት ስራመድ ዓይኔ ይጨልማል።»

«እኔ ባልሽን ስወልድ እህል ተሸክሜ ነው የዋልኩት። ይልቅ ምግብ ቀንሺ። ልጁ ከወፈረ በምጥ ይገድልሻል።» ሳህኑን ከፊቴ አነሱት።

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልነግራችሁ ቆሜያለሁና ከዚህች ሳህን ልጀምር። አማቴ ክፉ ሴት አይደሉም። ፍቅራቸው እንዲህ ነው። ያኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ክር ስሸጥ የሚያልፈው ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው የቀላሽው?» ይለኛል። ክር የሚገዙኝ ሸማኔዎችም «ከክሯ እሷ ነጣች!» ብለው ይሳሳቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጌታን አላውቀውም ነበር፤ ስሙን የምጠራው ለመሐላ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ልቃቂት ላነሳ ጎንበስ ስል እዚያው ወደቅሁ። እዚያው ቅርብ ጎጃም በረንዳ የሚሠራው ባለቤቴ ተጠርቶ መጥቶ በዕቃ ጋሪ ጭኖ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ሐኪሙ የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ገለጥ አድርጎ አየ።

«ማን ነው ቀላሽ ያለሽ?»

«ሁሉም።»

«መቅላት የነበረበት ይህ ነው፤ ይህ ግን ነጭ ነው። ደምሽ በጣም አንሷል። ልጁ ትንሽ ሆኖ ሊወለድ ይችላል፤ ላይተርፍም ይችላል።»

የብረት ክኒን ሰጠኝ፤ ጉበትና ጎመን ብዪ አለኝ። «ዘግይተሻል» ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ወንድሞች፣ እህቶች፣ ያን ሰሞን ሆዴን እየዳበስኩ «ልጄ ባዶ ጎተራ ገባ» እያልኩ አለቅስ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ እትዬ አስካለ የጉበት ሾርባ ይዘውልኝ መጡ።

«መጀመሪያ ጸልዩልኝ» አልኳቸው።

«መጀመሪያ ጠጪ! ጌታዬ የራበው ሰው ላይ ስብከት አያበዛም።»

ከወደቅሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ሳቅሁ። ከዚያ፣ እንደምታውቁት የእኛ ጸሎት ክልክል ነውና፣ ፖሊስ እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋን፤ ጸለይን፤ ልቤን ለጌታ ሰጠሁት። ሕመሙ አልሸሸም፤ ፍርሃቱም አልሸሸም። ብቻዬን መሆኔ ግን አበቃ። ስሙ ይባረክ!

ልጄ ያለ ጊዜዋ ተወለደች። አዋላጇ በመዳፏ ይዛ «ሴት ናት፤ ግን የእርግብ ጫጩት ታክላለች» አለች። አማቴ አይተዋት ወደ ግድግዳው ዞሩ። «ስም አታውጡላት፤ ኋላ ይከብዳችኋል» አሉ።

ይኸው በጥጥ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አስሬያታለሁ። ጡት ትይዛለች፤ ወዲያው ይደክማታል። ትተርፋለች አልላችሁም፤ አላውቅም። ሐኪሙም አያውቅም። አንዳንዴ ትንፋሿ ይጠፋኛል፤ ጆሮዬን አስጠግቼ እጠብቃለሁ። ሲመለስ «ተመስገን!» እላለሁ። ጌታ ይመስገን!

ዛሬ ወደ እናንተ ልመጣ ስነሳ ባለቤቴ ተቆጣ።

«ስትተርፍ ትመሰክሪያለሽ! ብትሞትስ? በምን አፍሽ ወደ እነሱ ልትመለሺ ነው?»

«በዚሁ አፌ አለቅሳለሁ። የማለቅሰውም ጌታ ፊት ነው። አንተም ና፣ ሸክምህን ስጠው» አልኩት። ለእናንተም የምለው ይህንኑ ነው፦ መልሱ እስኪመጣ አትጠብቁ፤ አሁኑኑ እመኑት።

ባለቤቴ ያን ስለው የልጃችንን ፊት አየ። ኮቱን ከሚስማሩ አንስቶ ወጣ፤ በሩንም ዘጋው። እኔም ልጄን ይዤ ብቻዬን ወደ እናንተ መጣሁ።