ኮምፓይለሩን አብረን ስንሠራ

ጭሮ ውስጥ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛ ነበረችኝ፤ የመቻራ ልጅ። አንድ ቤት ተከራይተን፣ ከአንድ ሳህን እየበላን፣ ከክፍል መልስ ትንሽ ኮምፓይለር እንሠራ ነበር፤ ተማሪ የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚቀይር። እሷ ፕሮግራሙን የሚያነበውን ክፍል ያዘች፤ እኔ ትእዛዞቹን የሚያወጣውን።

ያስቸገረኝ ሜሞሪ ነበር። የፕሮሰሰሩ የመደመር ትእዛዝ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱን በቀጥታ ከሜሞሪ ማንበብ ይችላል። ሁለቱንም ግን አይችልም፤ አንዱ ቀድሞ ሬጅስተር ውስጥ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ውስጥ ባለች ትንሽ ማስቀመጫ፣ መግባት አለበት። በቀጥታ ማንበቡ አንድ ትእዛዝ ይቀንሳል። ነገር ግን ከመደመሩ በፊት ሌላ ትእዛዝ እዚያው የሜሞሪ ቦታ ላይ አዲስ ቁጥር ከጻፈ ድምሩ ይበላሻል። ይህን የሚለይ ኮድ ስጽፍ ክረምቱ አለቀ።

አንድ ሐሙስ «እናቴ ታማለች፣ መቻራ ልሂድ» አለችኝ። መድኃኒት ገዝቼ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ለእናቷም ዱዓ አደረግሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደወለች።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ። ስሚኝማ፣ ከሜሞሪ በቀጥታ ማንበብ የማይቻለው መቼ ነበር? ቶሎ ንገሪኝ።»

እናቷን እያስታመመች እንኳ ሥራችንን ማሰቧ ደስ አለኝ። ከነምሳሌው ነገርኳት።

ሰኞ አንዲት የሥራ ባልደረባችን «እንኳን ደስ አላችሁ» ብላ ቅዳሜ የተቀረጸ ቪዲዮ አሳየችኝ። ጓደኛዬ አዲስ አበባ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ቆማ ኮምፓይለራችንን ታቀርባለች። አንድ ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቃት። ከእረፍት በኋላ እንደምትመልስለት ነገረችው። ስትመለስ የመለሰችለት በእኔ ቃል፣ በእኔ ምሳሌ ነበር። «ብቻዬን ነው የሠራሁት» አለች።

ዕቃዋን ልትወስድ መጣች።

«እናትሽ አልታመሙም ነበር?»

«አልታመመችም።»

«ታዲያ ለምን?»

ልብስ ማጠፏን አላቆመችም። «አንቺ ጭሮ ይበቃሻል። እኔ መውጣት ነበረብኝ።»

ይበቃኛል ብዬ አላውቅም። ጠይቃኝም አታውቅም።

ለክፍል ኃላፊያችን ነገርኩት። «የአንቺ ለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ?» አለኝ። አልነበረም፤ ኮዱን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ የምንጭነው በእሷ አካውንት ነበር። ኢንተርኔቱን የምትሞላው እሷ ስለነበረች ነገሬ ብዬው አላውቅም።

እሷ አዲስ አበባ ሥራ ያዘች። እኔ ኮዱን ከባዶ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት፤ ከፊተኛው ይሻላል። አከራያችን እስካሁን «እህትሽ መቼ ነው የምትመጣው?» ይሉኛል። ሥራ በዝቶባት ነው እላቸዋለሁ።