አማቴና የጉማሬው መንገድ

ሐይቁን በእግሬ ልዞረው እንደሆነ ቤት ውስጥ ሳወራ አማቴ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጡና "ለማን ተስለህ ነው?" አሉኝ።

"ለማንም አልተሳልኩም፣ እማማ። እንዲሁ ጉዞ ነው።"

"መጨረሻው ላይ ምን አለ?"

"ምንም የለም። ዞረን ዞረን የተነሣንበት እንመለሳለን።"

ትንሽ አሰቡበትና "ታቦት የሌለበት ጉዞ" አሉ፤ ጨው የሌለው ወጥ እንደቀመሰ ሰው። ከዚያ "በስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?" ብለው ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ።

እኔ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ። ሥራዬ አጎንብሶ መቀመጥ ነው። ወገቤ ሲያስቸግረኝ ሐኪም በየቀኑ ትንሽ እንድራመድ መከረኝ፤ እኔ ደግሞ ነገር ማብዛት ስለምወድ ከታቦር ተራራ ሥር ተነሥቼ የሐዋሳን ሐይቅ ዙሪያውን በሁለት ቀን ልጨርሰው አሰብኩ። አብሮኝ እንዲሄድ ያስማማሁት ጓደኛዬ ነርስ ነው። ቡሹሎ አካባቢ ተወልዶ ያደገ የሲዳማ ልጅ ሲሆን፣ የሐይቁን ዳርቻ እንደ ግቢው ያውቀዋል፤ ነገር ግን ካልጠየቁት አይናገርም። አማቴ በዕቅዱ ውስጥ አልነበሩም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንደኛ ደረጃ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ የጎጃም ሰው ናቸው፤ ክርስትናም ሆነ ለቅሶ፣ ሳይጠሩ የሄዱበት ቦታ ላይ ሁሌም የክብር ወንበር ያገኛሉ።

ባለቤቴን "እናትሽን አስቀሪልኝ" ብላት፣ "እናቴን አስቀርቼ አላውቅም። ደግሞ ሁለት ቀን ቤቱ ጸጥ ይላል" አለችኝ።

ወቅቱ ጾም ነበር። እማማ ድፎ ዳቦ፣ ስንግ ቃሪያና አንድ ከረጢት ቆሎ አሳዘሉኝ። እሳቸው ነጠላቸውን አደግድገው፣ የልጃቸውን ስኒከር ተጫምተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊት ሆኑ። መንገዱን አያውቁትም። ጓደኛዬ ከኋላ ሆኖ ቀስ ብሎ "ወደ ግራ" ይለኛል፣ እኔ "ወደ ግራ ነው፣ እማማ" እላለሁ፣ እሳቸውም "አውቃለሁ" ብለው ወደ ግራ ይታጠፋሉ። እንዲህ ነበር የምንጓዘው።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ሐይቁ ዳር የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች የታሸገ ውኃ ጠጥተው ጨረሱና ጠርሙሱን ሣሩ ላይ ትተው ተነሡ። ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ትንሽ ንግግር ላደርግላቸው ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እማማ ግን ቀደሙኝ። ጠርሙሱን አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና ፈጠን ብለው ተከተሏቸው።

"ልጆቼ፣ ዕቃ ረስታችኋል።"

ነጠላ የለበሱ አዛውንት ሴት ጎንበስ ብለው ያነሡትን ሲያቀብሉት ልጁ ምን ያድርግ? በሁለት እጁ ተቀበለ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ" አለና ባዶውን ጠርሙስ ታቅፎ ሄደ።

"እማማ፣ ሆን ብለው እኮ ነው የጣሉት" አልኳቸው።

"እንዴት ሆን ብለው ይጥላሉ? አሳዳጊ የላቸውም እንዴ?" አሉኝ። ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር አትነበብም። ክፍል ሙሉ ተማሪ ፊት ሳይስቁ መቆምን የለመደ ፊት ነው።

ከዚያ በኋላ ማን ያቆማቸዋል? ለአንዷ ሴትዮ የማስቲካ ወረቀቷን "ይሄ ያንቺ መሰለኝ" ብለው ሰጧት። ከመኪና መስኮት ጠርሙስ የወረወረ ሰውዬ ደግሞ ባጃጆች መንገዱን ዘግተውበት ሲቆም ደረሱበትና በዚያው መስኮት አቀበሉት። "ወድቆብህ ነው" አሉት። ሰውዬው አመሰገነ። ተፈጥሮን እንጠብቅ የሚል ቲሸርት እየታደለ፣ የታሸገ ውኃ ተጠጥቶ፣ ጠርሙሱ ወንበር ሥር ተትቶ የሚወጣባቸው ስብሰባዎች ላይ ብዙ ተቀምጫለሁ። በአንዱም ላይ እንዲህ ያለ ውጤት አላየሁም።

ቡሹሎን ካለፍን በኋላ ሐይቁ ዳር የፊላ ረግረግ አለ። ፊላው ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ውስጡ ዳክዬ ይንጫጫል። ጓደኛዬ ቆመና ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ቦታውን ምን ያህል እንደሚወደው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ፊላውን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ፣ በሆድ የተደለደለ ጎድጓዳ ቦይ አሳየን።

"የጉማሬ መንገድ ነው። ሲመሽ ከውኃው ይወጣና በዚህ አልፎ ሣር ሊግጥ ይሄዳል። ሊነጋ ሲል በዚሁ ይመለሳል። እኔ ልጅ ሆኜም መንገዱ ይኸው ነበር።"

"አጥር ቢያገኝስ?" አልኩት።

"አጥሩ ነው የሚቸገረው።"

ይህን ስንባባል አንድ ገልባጭ መኪና እየተንገጫገጨ መጣና ጀርባውን ወደ ፊላው አዞረ። የፈረሰ ቤት ብሎኬትና ኮንክሪት ጭኗል። ከዚያ በፊት የተደፋ ክምርም ነበር፤ ከሥሩ የታጠፈ ፊላ ብቅ ብቅ ብሏል። ከውኃው ራቁ የሚል ደንብ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን፤ ደንቡ ግን እንደማንኛውም ሠራተኛ ቅዳሜ አይገባም።

እማማ ወደ ሾፌሩ መስኮት ቀረቡ። "ልጄ፣ እዚህ ልትደፋው ነው?"

"አዎ፣ እማማ። ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ አቧራ አለው።"

"አቧራ ምን ያደርገኛል" አሉና ከመኪናው ጀርባ ዞሩ። ፍርስራሹ ሊወድቅበት የነበረው ቦታ ላይ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ ፌስታል አነጠፉና ተቀመጡ። "ምሳ ደርሷል፣ ዳቦውን አውጣው" አሉኝ። ለምሳ ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ጓደኛዬ አጠገባቸው ተቀመጠ። የጉዞው መሪ ነኝ ባዩ እኔ መጨረሻ ላይ ተቀመጥኩ፤ ዓይኔን ከመኪናው ጀርባ ሳላነሣ።

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ማንም ስላልተነሣ አንገቱን አወጣ። "እማማ፣ እባክዎ፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።"

"እኛም ምሳ ላይ ነን። ና፣ ቅመስ።"

"ጠግቤአለሁ።"

"ምን በልተህ?"

አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ።

"ቁርስህን ምን በላህ ነው የምልህ።"

"ሻይ።"

"ሻይ ይበላል እንዴ?"

ሞተሩን አጠፋና ወረደ። የሠላሳ ዓመት ሰው ይሆናል፤ ቃሪያውን ሲገምጥ ዓይኑ አለቀሰ፣ ግን አላቆመም። እየበላ ነገረን። የቦታው ባለቤት ፔንሲዮን እየሠራ ነው፤ ረግረጉን እስከ ውኃው ድረስ ሞልቶ መኝታ ቤቶቹን ከሐይቁ አፍ ላይ ሊያቆማቸው ይፈልጋል። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

"አልደፋሁም ጌታዬ" አለ ሾፌሩ። "አንድ እናት ተቀምጠውበታል። አዎ፣ ተቀምጠው። መጥተው ቢያዩት ይሻላል።"

ባለቤቱ ቶሎ ደረሰ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ሊቆጣ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ነበር፤ ነጠላውን ሲያይ ግን ቁጣው የት እንደሚሄድ ጠፋው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለ። እኔ ስለ ደንቡ ልጀምር ስል እማማ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ።

"እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጄ። ቤት መሥራት ቀላል አይደለም" አሉት። "እኛም የልጅ ልጅ ሠርግ አለብን፤ ለእንግዶቻችን ማረፊያ ማየት አይከፋም።"

የልጅ ልጃቸው የእኔ ልጅ ናት። መዋዕለ ሕፃናት ነበረች።

ሰውዬው ፊቱ በራ። ሁሉም ክፍል ወደ ሐይቁ እንደሚያይ፣ በረንዳ እንዳለው፣ ጠዋት ወፍ እንደሚሰማ በእጁ እያሳየ አስረዳቸው። እማማ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጡና፣ "ጉማሬውስ በየትኛው በኩል ነው የሚያልፈው?" አሉት።

"የቱ ጉማሬ?"

እማማ ወደ ጓደኛዬ ዞሩ። እሱም ተነሥቶ ቦዩን አሳየው። ቦዩ ከፊላው ወጥቶ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መሠረቱ ወደተቸከለበት ነው። ችካሎቹን የሚያያይዘው ሲባጎ ልክ እዚያ ላይ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል።

"እሱንማ የሰፈር ልጆች ናቸው የሚበጥሱት" አለ ባለቤቱ። "ስንቴ አሠርቼዋለሁ።"

ጓደኛዬ ከተበጠሰው ሲባጎ አጠገብ ሣሩ ላይ የተበተነውን ፋንድያ በጣቱ አመለከተ። "ይህን ግን ልጅ አይጥለውም" አለ።

ሾፌሩ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ዘበኛ እቀጥራለሁ" አለ ሰውዬው።

"ጥሩ ነው" አሉ እማማ። "ዘበኛውንስ ማን ይጠብቀዋል?"

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ እኔ ስለ ግንባታ አላውቅም። ግን ሙሽራ ይዞ የመጣ ሰው በረንዳው ላይ ጉማሬ ቢያገኝ ይቀየምሃል። ከሩቅ ሆኖ ቢያየው ግን ፎቶ ያነሣል፣ ለሰው ያሳያል፣ ሌላ እንግዳ ይልክልሃል።"

ሰውዬው ፊላውን አየ፤ ቦዩን አየ፤ የሚያብረቀርቅ ጫማውን ፋንድያው አጠገብ አየና ወደኋላ ሳበው። በመጨረሻ ሾፌሩን "ለዛሬ ወደ በሩ በኩል ውሰደው፣ መግቢያው ላይ ይሞላ" አለው።

ዕቃችንን ሰብስበን ርቀን ስንሄድ "እማማ፣ ሠርግ አለብን አሉት እኮ" አልኳቸው።

"የለብንም እንዴ? ልጅህ ሳታገባ ልትቀር ነው?"

ማታ ያደርነው የጓደኛዬ አክስት ቤት ነው። አክስቱ ከሲዳምኛ በቀር አይናገሩም፣ እማማም ከአማርኛ በቀር። ጓደኛዬ ጥቂት አስተረጎመና ደክሞት ተኛ። ሁለቱ ግን ያለ አስተርጓሚ እያወሩ ቆዩ፤ አንዳንዴ ወደ እኔ እያዩ ይስቁ ስለነበር ርዕሱን ገምቻለሁ። በማግስቱ ውኃ የቋጠረ እግሬን እየጎተትኩ ጥቁር ውኃ በሚባለው ሰፈር በኩል አስፋልቱ ላይ ስንወጣ፣ እማማ "እንግዲህ ይሄ ነው?" አሉ። ዞረው ሐይቁን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። "ተሳላሚው በዝቶ እንዳያቆሽሸው እንጂ፣ ደግ ቦታ ነው" አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንሄዳለን። ያ ሾፌርም ሁለተኛው ጉዞ ላይ አብሮን ዞረ፤ ቆሎውን የተሸከመልኝ እሱ ነው። ሁሉም ነገር አልተቃናም። ቀድሞ የተደፋው ክምር እስካሁን አለ፤ አረም እንጂ ፊላ አልበቀለበትም። ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ሰው የራሱን ረግረግ ሞልቶ አጥሮታል፤ እዚያ እንዳንቀመጥ በሩ ተቆልፏል። የእኛ ሰውዬ ፔንሲዮን ግን ከፊላው ወደኋላ ፈቀቅ ብሎ ነው የቆመው። በሩ ላይ "የጉማሬ ማያ" የሚል ሰሌዳ ሰቅሏል።

ባለፈው ስናልፍ ጠርቶ ሻይ ጋበዘን። ረግረግ ለሐይቁ ምን እንደሚጠቅም፣ አሳ እዚያ ውስጥ እንደሚራባ፣ ሰው ለምን ይህን እንደማይረዳ ሲያስተምረን ቆየ። ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የራሱ እንደነበረ ሁሉ ነው የሚያወራው። እማማ ንባቡን ሳይሳሳት የጨረሰ ተማሪ እንደሚሰሙ ሆነው ሰሙትና "ጎበዝ" አሉት። እሱም ደስ አለው፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ ጓደኛዬ አስጠጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ። ከበረንዳው በታች የተከልኩትን አበባ ጉማሬው እየመጣ ይጨርስብኛል። የማይወደው የአበባ ዓይነት ይኖር ይሆን?"

ጓደኛዬ ሻዩን ጨለጠና ፊላውን እያየ፣ "እሱኑ እጠይቅልዎታለሁ" አለው።