የቡታጅራው ካሜራና የእናቴ ሳቅ

የካሜራዬን የቆዳ ማኅደር ስከፍተው ዛሬም ይሸተኛል። ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ የሻገተ ቆዳ፣ የስፌት ማሽን ዘይት፣ ከሥር ደግሞ እንደ ኮምጣጤ ያለ የሚቆጠቁጥ ነገር። ሚስቴ "ይሄን የሞተ ዕቃ ከቤት አውጣልን" ብትለኝ ሱቅ ወሰድኩት። በቀደም ዕለት ከጉብሬ የመጣ አንድ ፀጉሩን ያጎፈረ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቧንቧ ሊገዛ ገብቶ መደርደሪያው ላይ አየው።

"ፋዘር፣ ይሄ ነገር ይሠራል?"

"ምን አገባህ?"

"አይ፣ የፊልም ካሜራ አሁን ተፈላጊ ነው እኮ። ይሸጣል?"

አውርጄ ባንኮኒው ሥር ከተትኩት። ሰው ዕቃዬን ሲያደንቅብኝ መጀመሪያ የማደርገው ዕቃውን ከዓይኑ ማራቅ ነው። ልጁ ቧንቧውን ይዞ ሄደ። እኔ ግን ማኅደሩን ከፍቼ አሸተትኩና ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም። እንግዲህ ከጀመርኩት አይቀር ልንገርህ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ወልቂጤ ገበያ መሬት ላይ ሸራ ዘርግቼ የፕላስቲክ ባልዲና ጆግ እሸጥ ነበር። ማንበብ አልችልም። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ተጠራጣሪ ቢሆን አትፍረድበት። ወረቀት በተዘረጋ ቁጥር ሁሉም የሚያውቀውን አንተ ብቻ አታውቀውም፤ ሲስቁም ባንተ የሚስቁ ይመስልሃል። ብዙ ጊዜም ባንተ ነው።

አባቴ የሞተው ሕፃን ሳለሁ ነው። አንድም ፎቶ አልተወም። ዘመድ ስጠይቅ አንዱ ረጅም ነበር ይለኛል፣ ሌላው መካከለኛ፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም። በመጨረሻ መጠየቁን ተውኩት። እናቴ ግን አለች፤ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ መስቃን ገጠር፣ እንሰቷ መሐል። እያረጀች ነበር። እሷም እንደ አባቴ ፊቷ እንዳይጠፋብኝ ፈራሁ። አንድ ፎቶ ብቻ፤ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

እናቴ ደግሞ ፎቶ ቤት ደጃፍ አትደርስም። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት መበለት "እርዳታ ሊሰጥሽ ነው" ተብላ ፎቶ ተነሣች፤ በኋላ ፎቶዋ የተገኘው መሬቷን ለባሏ ወንድም ያስተላለፈ ወረቀት ላይ ተለጥፎ ነው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ዘንድ ፎቶና መሬት ነጠቃ አንድ ሆኑ። ስለዚህ እሷ ወደ ካሜራው ካልሄደች ካሜራው ወደ እሷ መሄድ ነበረበት።

ቡታጅራ ዋናው መንገድ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ፎቶ አንሺ ቤታቸውን ሊዘጉ ነው ተባለ። ዲጂታል የያዙ ልጆች ሥራውን ወስደውባቸዋል፤ የድሮ የሩሲያ ካሜራቸውን ይሸጣሉ። በሚኒባስ ሄድኩ። ቤቱ ውስጥ ፏፏቴና አውሮፕላን የተሣለበት መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ከበላዩ "ኢየሱስ ጌታ ነው" የሚል ጽሑፍ አለ። ምን እንደሚል ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ የዋጋ ዝርዝር መስሎኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው የሚሸጡት?"

"ዓይኔ ደከመ፣ ልጄ።"

"ዓይንዎ ነው ወይስ ካሜራው?"

ሳቁና ሰጡኝ። ብረት ነው፤ ከበደኝ፤ ቀዘቀዘኝ። "በዚህች መስኮት እይ" አሉኝ። አየሁ። መንገዱ ማዶ አንዲት ሴት የበርበሬ ኩንታሏን አስደግፋ አርፋለች። መስኮቷ ውስጥ ግን ሁለት ሆነች፤ አንዷ ጥርት ያለች፣ ሌላዋ ገርጣ ብላ ከጎኗ የቆመች። አገኘሁህ፣ አልኩ በልቤ።

"ጋሼ፣ ይሄ ተሰብሯል። ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል።"

"እሱማ ነው ደግነቱ። ይሄን ቀለበት አዙር። ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ተጫን።"

አዞርኩት። የገረጣችው ሴት ቀስ እያለች ተጠጋች፣ ተጠጋችና ሌላዋ ውስጥ ገባች። ቢሆንም አላመንኩም።

"ደህና ከሆነ ይማሉልኝ" አልኳቸው።

"እኛ አንምልም።"

"እንዴት አይምሉም?"

"እምነታችን ነው። ይሠራል ካልኩህ ይሠራል።"

እኛ ሰፈር ወላሂ ሳይል ድንች እንኳ የሚሸጥ የለም። አልምልም የሚል ሰው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ ደመደምኩ። አንሥቼ ፎቶው ሲወጣ ካላየሁ አልገዛም አልኩ። ሽማግሌው ፊልም አስገቡልኝ። በርበሬዋን ሴት አነሣኋት።

"አንተ! ምን አርጌህ ነው?" ብላ ጮኸች። ወዲያው ግን ሻሿን አስተካከለች።

ፎቶው የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል አብሬ ልግባ ስል ሽማግሌው ለምን ብለው ጠየቁኝ።

"የሌላ ሰው ፎቶ እንዳይሰጡኝ።"

ባለቤታቸው ከጓሮ ሰምተው "ይሄስ ፖሊስ ነው እንጂ ገዢ አይደለም" አሉ። ቢሆንም ገባሁ። ቀይ አምፖል፣ ያ የኮምጣጤ ሽታ፣ ውኃ የሚንጠባጠብበት ሳሕን። ፊልሙ እስኪደርቅ ደጅ ቁጭ ብዬ በሩን ስጠብቅ ዋልኩ። ከዚያ እንደገና ገብተን ሽማግሌው ነጭ ወረቀት ሳሕኑ ውስጥ ነከሩ። መጀመሪያ ሻሿ መጣ፣ ቀጥሎ ዓይኗ፣ ከዚያ የተከፈተ አፏ። ጩኸቷ የሚሰማኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ዋጋ አልተከራከርኩም፤ በሕይወቴ ያልተከራከርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ካሜራውን ይዤ የኖርኩባቸው እነዚያ ወራት ደስ ይሉ ነበር። ልዋሽህ አልፈልግም፣ ደስታ ብዙ አላውቅም፤ ያ ግን ደስታ ነበር። ፊልም መግዛት ሁልጊዜ አልችልም፤ ባዶውን ይዤ እዞራለሁ። ገበያ ሲቀዘቅዝ በመስኮቷ እያየሁ ሰዎችን ሁለት አደርጋለሁ፣ መልሼ አንድ አደርጋለሁ። ስጫነው የሚሰማው ድምፅ ትንሽ ነው፣ ምላስ ከላንቃ ሲላቀቅ እንደሚሰማው ያለ። ጎረቤት ነጋዴዎች "ይሄ ልጅ የመንግሥት ነው፣ እያነሣ ይልካል" ብለው አሙኝ። አንዱማ ባየኝ ቁጥር ሚዛኑን ያስተካክል ነበር። አላስተባበልኩም፤ ሲፈሩኝ ደስ አለኝ።

አረፋ ደረሰ። አረፋ ሲሆን እኛ ዘንድ ከየከተማው ያልገባ ልጅ እንደሞተ ይቆጠራል። አዲስ አበባ የሚነግደው ታላቅ ወንድሜ መኪና ተከራይቶ መጣ። ዋዜማው የጎመን ቀን፣ የሴቶች አረፋ ነው፤ እናቴ ጎመኑን በአይብና በቅቤ እያሸች፣ እጇ እስከ ክርኗ ወዝቶ ከጓዳ በር ላይ ቆማለች። ካሜራውን ስታይ "ይሄን ነገር ወደኔ አታዙር" አለችኝ።

ወንድሜ ግን ዓይኑ በራ። ወደ ደጅ ወሰደኝና "አንተን ታምንሃለች፣ አንሳት" አለኝ። "ጉርድ አድርገህ፣ ፊት ለፊት። ሻሿ ጆሮዋን እንዳይሸፍነው።"

"ጉርድ ለምንድን ነው?"

"ለማስታወሻ ነዋ፣ ምን ይሆናል ብለህ ነው!"

ለማስታወሻ ጆሮ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ከተማው ወደ እኛ እንሰት እየተጠጋ ነበር፤ መንገድ ዳር ያለው መሬታችን ዋጋ ማውጣት ጀምሯል። አፌን ዘጋሁ፣ ልቤ ግን ቆሸሸ። ዞር ስል እናቴ በሩ ላይ የለችም። ሰምታን ይሁን አይሁን አላወቅሁም።

በማግስቱ፣ በጉ ከታረደ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ቤት ውስጥ ሲጫወት ጓሮ ጠራችኝ። ብርሃኑ በእንሰቱ ቅጠል እየተጣራ አረንጓዴ ሆኖ መሬቱ ላይ ፈስሷል። ከጉድጓዱ የቆጮው ሽታ ይመጣል።

"እስቲ አምጣው። መጀመሪያ እኔ ልይህ።"

የካሜራውን የፊት ክዳን አነሣሁና እጇ ላይ አደረግሁላት፤ ካሜራውን ሰጠኋት። እንሰቱ ሥር ቆምኩ። መስኮቷን ዓይኗ ላይ ለጠፈች።

"ያ ረቢ! ሁለት ነህ!"

"ቀለበቱን አዙሪው።"

ቆየች። በጣም ቆየች። እግሬን እስኪደክመኝ አየችኝ። "አሁን አንድ ሆንክ" አለችና ተጫነች። ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታኝ ካሜራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠራረገችና አቀበለችኝ። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

"በል፣ ቢስሚላህ ብለህ አንሳኝ።"

ጆሮዬን አላመንኩም። በመስኮቷ አየኋት፤ ሁለቷን እናቴን አንድ አደረግኋት። ስጫን መሳቅ ጀመረች። አፏን በእጇ ሳትሸፍን፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ የጎደለው ጥርሷ እየታየ። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"ምን ያስቅሻል?"

"አንተ ነሃ! አንድ ዓይንህን ጨፍነህ እንደ ሌባ ስታጮልቅብኝ!"

እኔም ሳቅሁ። ፊልሙ አልዞርም እስኪል ድረስ አነሣኋት። ሲያበቃ መጥታ ከእጄ ወሰደችው፤ "አቧራ ነክቶታል" ብላ ማኅደሩ ውስጥ ራሷ ከተተችው፣ ቁልፉን ቆለፈችና ሰጠችኝ።

ወደ ሽማግሌው ሮጥኩ። ሥራ ትተው ቤታቸው ቢቀመጡም መድኃኒቱ ገና ነበራቸው። ፊልሙን አጥበው ብርሃን ላይ ዘረጉት። መጀመሪያ የገበያው ሰዎች አሉ። ቀጥሎ እኔ፣ እንሰቱ ሥር ቆሜ። ከዚያ ወዲያ ምንም። እንደ መስታወት የጠራ ባዶ ፊልም።

"ቀየሩብኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው።

"ተረጋጋ፣ ልጄ። ክዳኑ ሳይነሣ ነው የተጫንከው።"

"እያየኋት? ክዳን ቢኖርበት እንዴት ይታየኛል?"

"አንተ የምታየው በላይኛዋ መስኮት ነው። ፊልሙ የሚያየው በታችኛው ዓይን ነው። ያኛው ቢከደንም ያንተ መስኮት አይዘጋም። ከኋላ ሆነህ አታውቀውም። የሚያየው ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው።"

ፊት ለፊት የተቀመጠችው እናቴ ነበረች። ክዳኑም እጇ ላይ ነበር። ጀርባዋን የሰጠችኝ ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ያን ሁሉ ስትስቅ ጥቁሩን ክዳን እያየች ነው።

ወንድሜ ቡታጅራ ሆቴል በረንዳ ላይ ማኪያቶ ይዞ ይጠብቀኛል።

"አምጣ።"

"አልወጣም።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ አልወጣም።"

አላመነኝም። "ደብቀህ ነው። አንተ ድሮም ለሷ ነህ" ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ላይ ካልሆነ ሰላም አንባባልም። መሬቱን ሊያዞር አስቦ ነበር ወይስ እውነት ማስታወሻ ፈልጎ? ጠይቄው አላውቅም። ቢነግረኝም አላምነውም። መሬቱ ግን እናቴ እስክትሞት በስሟ ቆየ።

እኔን የሚበላኝ ሌላ ነው። የሸሸችው ከሱ ነው ወይስ ከኔም ጭምር? እሱ ጉርድ ሲል ሰምታ ከሆነ እኔ አንድም ቃል ሳልመልስለት ዝም ማለቴንም ሰምታለች።

የኔን ፎቶ አሳጥቤ ወሰድኩላት። ወደ ብርሃኑ ዞራ አየችው፤ በአውራ ጣቷ ፊቴን አበሰችና በጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። "የኔስ?" እስክትል ቆሜ ጠበቅሁ። "ምሳ በልተሃል?" አለችኝ።

የመጨረሻዋ ክረምት አልጋ ላይ ዋለች። አጠገቧ ተቀምጫለሁ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የተኛች መስሎኝ ነበር።

"ያን ቀን በዚያች መስኮት ምን አየህ?" አለችኝ።

የትኛውን ቀን ብዬ አልጠየቅኋትም።

"አንቺን።"

"ምን ስሆን?"

"ስትስቂ።"

"ታዲያ አየኸኝ አይደል?"

ከማን ነው የተሸሸግሽው፣ ከሱ ነው ከኔ? አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ብርድ ልብሱን ወደ አገጯ ሳበችና "ሂድ በሩን ዝጋልኝ፣ ዝናቡ እየገባ ነው" አለች። ተነሥቼ ዘጋሁት። ስመለስ ተኝታለች። ቁጭ ብዬ አየኋት። እስኪመሽ አየኋት።